ጨጓራ አለብኝ

ከሁሉ በፊት በሬው ነበረ። የጣና ዳር ሰው የራሱን ሆድ ከማወቁ በፊት የበሬውን ሆድ አውቋል። ለፋሲካ ቅርጫ ሲገባ፣ በሬው ቅጠል ላይ ተጋድሞ ሲበለት፣ ልጅ አዋቂው ዙሪያውን ቆሞ ያያል፦ ምላስ፣ ጉሮሮ፣ ጨጓራ፣ ሽንፍላ፣ ጉበት፣ ሐሞት፣ ጣፊያ፣ ቀጭኑ አንጀት። ሁሉም ስም አለው፤ ስሙን ያወጣለት ግን ሐኪም ሳይሆን ቢላዋ የያዘ ጎረቤት ነው። ጨጓራና ጉበቱ ተከትፎ ዱለት ይወጣዋል፤ ሐሞቱን ጥሬ ሥጋ ላይ ጠብ የሚያደርግ አለ፤ ሽንፍላውም ታጥቦ አልጠራ እያለ የማይመከር ሰው መተረቻ ሆኗል። የሰው ሆድ ዕቃም በዚሁ ስም ተጠራ። ስሙ ተስማማ፤ ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልገጠመም። በሬ የዋጠውን ወደ አፉ እየመለሰ የሚያመሰኳ፣ ሆዱም አራት ክፍል ያለው ፍጥረት ነው። ሰው ያለው አንድ ጨጓራ ብቻ ነው፤ የዋጠው ከተመለሰበትም ታሟል ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው መምህር ከቤተ ክርስቲያን ነው። ከ15ኛው መቶ ዘመን ወዲህ እየሰፋ በሄደው የመልክእ ድርሰት፣ ደራሲው የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እየጠራ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ያቀርባል። በዳጋ እስጢፋኖስም ሆነ በክብራን ገብርኤል፣ በዘጌ ገዳማትም እንዲሁ፣ መልክእ ሳይደግም የሚውል መነኩሴ ማግኘት ያስቸግራል። እኔ ግን ከጸሎትነቱ ሌላ የአካል መዝገብ አድርጌም አነበዋለሁ። ከናፍር፣ አፍ፣ አስናን፣ ልሳን፣ ጕርዔ እያለ ይወርዳል፤ እህል የሚሄድበትን መንገድ ይዞ ማለት ነው። ጉሮሮ ላይ ሲደርስ መንገዱ ይሰወርበታል። ወደ አንገትና ወደ ትከሻ ይወጣና ቆየት ብሎ ከርሥ፣ አማዑት፣ ንዋየ ውስጥ በሚሉ ቃላት ወደ ውስጥ ይመለሳል። ንዋየ ውስጥ፣ የውስጥ ዕቃ። የዕቃው ዝርዝር የለም። ደራሲው የጻፈው ብርሃን እስከደረሰበት ድረስ ነው፤ አፉን ከፍቶ ወደ ፀሐይ የዞረ ሰው የሚታየው እስከ እንጥሉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

ብርሃን የደረሰበት ቦታ ብረትም ደረሰበት። ሕፃን ጡት አልይዝ ሲል፣ ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና በቀዬው እጁ ፈታ ያለ ሰው ይጠራል፤ ጫፏን በስለት ቆርጦ ይጥላል። እንጥል ግን ያለ ሥራ አልተንጠለጠለችም። ስንውጥ ከላንቃ ጋር ወደ ላይ ተነሥታ ምግቡ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ትዘጋለች። በመቁረጥ የዳነ ሕፃን አለ ከተባለ ሳይቆረጥም ይድን የነበረ ነው፤ ደሙ አልቆም ብሎ ወይም ቁስሉ አመርቅዞ የሞተውን ግን የቆጠረው የለም። ልማዱ ዛሬም ከገጠሩ ጨርሶ አልጠፋም። ከእንጥል ጀርባ የሚደበቅ ሌላ እንግዳም ነበር፤ ከምንጭ ጎንበስ ብሎ የጠጣ እረኛ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅ አልቅት። ለእሱ የተገኘው ዘዴ ትምባሆ የተዘፈዘፈበት ውሃ ነው፤ አልቅቱ ትምባሆውን ሲቀምስ ይለቃል። ይኼኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእንጥል ቆረጣው በብዙ የተሻለ ሕክምና ነው።

ጨለማውን በጣቱ የለካ ሰው የተገኘው መልክእ ከመደረሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ እስክንድርያ ላይ ነው። ሄሮፊሎስ የሚባል ግሪካዊ ሐኪም፣ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ የሰው አስከሬን ከፍቶ ከጨጓራ ቀጥሎ ያለውን የአንጀት ክፍል በጣት ስፋት ቢለካው አሥራ ሁለት ሆነ። ስሙንም «አሥራ ሁለት ጣት» አለው። ሐኪሞች ዛሬ ዱዶነም የሚሉት ያንኑ ቃል በላቲን ለብሶ ነው። እስክንድርያ ለዘመናት ለእኛ ጳጳስ ትልክ የነበረች ከተማ ናት፤ አሥራ ሁለቱ ጣት ግን ከጳጳሱ ጋር አልመጣም። ቢመጣ ኖሮ በጣት፣ በስንዝርና በክንድ ለሚለካ አገር እንግዳ አይሆንም ነበር።

በ1770 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከጣና ደቡብ ተሻግሮ ግሽ ዓባይ ደረሰ። በኋላ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አምስት ጥራዝ መጽሐፍ ስለ ብርንዶ ግብዣ ሲጽፍ ለንደን ሳቀችበት፤ ሥጋ በጥሬው ይበላል ማለቱ ውሸታም አሰኘው። የሳቁበት ሰዎች ሳያስተውሉት ያለፉት ነገር በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ ዛፍ የጻፈው ነው። ዛፉ ኮሶ ነው።

ጥሬ ሥጋና ኮሶ የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፍ ናቸው። በበሬው ጡንቻ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ውሃ ቋጠሮ ይኖራል፤ በውስጡ የትሉ ራስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሰው ሲጎርሰው ጥርስ ያልፈዋል፣ ጉሮሮ ያወርደዋል፣ የጨጓራ አሲድ ሽፋኑን ይበላለታል፣ ዱዶነም ላይ የሚፈሰው ሐሞት ይቀሰቅሰዋል። ራሱን አውጥቶ ወረድ ብሎ የቀጭኑን አንጀት ግድግዳ ይይዝና እዚያው ሆኖ እያደገ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ምግብን ለመፍጨት የተሠራው መንገድ ለእሱ የማዋለጃ ክፍል ሆነለት ማለት ነው። የደጋው ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ መድኃኒቱን አውቋል፦ የሴቴዋ ኮሶ ቀላ ያለ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ማለዳ ይጠጣል። በየወሩም በየሁለት ወሩም የሚጠጣ ነበር። የጠጣ ሰው ከቤት አይወጣም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ጌታም ሎሌውን አይጠይቅም፣ እንግዳም ተመልሶ ይሄድ ነበር። መጠኑ ከበዛ ግን ዓይን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ኃይለኛ ነገር ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ የሠራው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዛፉ ኮሶ፣ መድኃኒቱ ኮሶ፣ ትሉም ኮሶ። በሽታው ስሙን ከመድኃኒቱ ወሰደ። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ሌላ እንዲህ ያለ ቃል ይመጣል።

በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ቁስጥንጥንያ ውስጥ ከሀበሻ የመጣ አበባ የኮሶ በሽተኛ ሲያድን አይቶ ወሬውን ወደ ፓሪስ ወሰደው፤ ዕፀዋት አጥኚው ኩንት ደግሞ ዛፉን በሐኪሙ ስም ሰየመው። ብሩስ ቀደም ሲል በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠርቶት ነበር፤ ሳይንስ በመጨረሻ ያጸደቀው ሀጌኒያ የሚለው ስም ደግሞ የአንድ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ለእኛ ያው ኮሶ ነው።

ፓሪስ ሽቶ እያሸተተች ስትመረምረው፣ ከጣና በስተሰሜንና በስተምዕራብ ያለው አገር ኮሶን ለስድብ ይጠቀምበት ነበር። የቋራው ካሣ ሲሸፍት ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ አሉት፤ እናቱ በድህነት ዘመኗ ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጣለች ተብሎ። በ1839 ዓ.ም. ገደማ ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ወጣ። የተያዘው ግን እሱ ሆነ። ካሣ ምርኮኛውን አስቀርቦ እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትምና የተረፋትን አንተ ጨርስላት በሚል ነገር ኮሶ አስጠጣው ይባላል። ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ወንድይራድ ምን ያህል እንደጠጣ የጻፈ የለም፤ ኮሶ ቀምሶ የሚያውቅ ሁሉ ግን የቅጣቱን ልክ ያውቀዋል።

ጀርመናዊው ሎይካርት በ1861 እ.ኤ.አ. ጥጃን የትሉን እንቁላል አብልቶ በሥጋው ውስጥ ቋጠሮውን ሲያገኝ፣ በሬውና የሰው አንጀት የተያያዙበት ገመድ ታወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኮሶ በብሪታንያ መንግሥታዊ የመድኃኒት መጽሐፍ ተመዘገበ። የሳቁበት የብሩስ አገር ሰዎች ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ይጠጡት ጀመር።

የሚቀጥለውን መቶ ዓመት በጥድፊያ አልፋለሁ፤ ለጣና ዳር ሰው ሆድ ብዙም ያመጣለት ነገር የለም። ያመመው ሰው ፌጦ፣ ተልባ፣ የአብሽ ውሃ፣ ዳማከሴ ይወስዳል፤ ካልተሻለው ጠበል ይሄዳል። ነገሩን የለወጠው ሆድ ሳይሆን ወባ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ከሐይቁ በስተሰሜን ባለው የደንቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ። መንግሥት ደንግጦ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከፈተ። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች ናቸው በወረዳ ጤና ጣቢያ ተቀምጠው «የት ላይ ነው የሚያምህ?» እያሉ ሆድ መጫን የጀመሩት። ባሕር ዳርም ያኔ በየአቅጣጫው እየተሠራች ነበር፤ ጨርቃ ጨርቁ ከጣሊያን የጦር ካሣ፣ ፖሊ ቴክኒኩ ከሶቭየቶች፣ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ሆስፒታል ደግሞ ከጀርመኖች። ሆስፒታሉ ፈለገ ሕይወት ተባለ፤ የሕይወት ወንዝ። ከዓባይ መውጫ አጠገብ ላለ ቤት የተገባ ስም ነው።

ሐኪሙ ግን አሁንም ከውጭ ነው የሚያየው። ይጫናል፣ ይጠይቃል፤ ሲከፋም ባርየም የሚባል ነጭ ፈሳሽ አስጠጥቶ በራጅ ጥላውን ያነሣል። ቀጥ ባለ ብረት ቱቦ ወደ ውስጥ ለማየት የሞከሩ ነበሩ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ኩስማውል የተባለ ጀርመናዊ ለሙከራው ሰይፍ የሚውጥ የትርዒት ሰው እስከ መቅጠር ደርሷል። በ1957 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ባዚል ሂርሾዊትዝ ብርሃንን በቀጫጭን የመስታወት ክር እንደ ገመድ አጥፎ የሚወስድ ቱቦ አሜሪካ ውስጥ ሠራ፤ መጀመሪያም ራሱ ዋጠው። መልክእ ደራሲው ጉሮሮ ላይ ያጣው ብርሃን ወደ ታች መውረድ የጀመረው ያኔ ነው።

መሣሪያውን ለኢትዮጵያውያን ጥቅም ካዋሉት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ የጎንደር ልጅ ናቸው። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ የአለቃ ጸጋና የወይዘሮ የተመኙ ልጅ ሲሆኑ፣ ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተምረው አዲስ አበባ ላይ የውስጥ ደዌ ሕክምናን አስተምረዋል። ልጃቸው አይዳ የአያቷን የየተመኙን ሕይወት በመጽሐፍ ጽፋ ዓለም አንብቦታል። ከእሳቸው ከራሳቸው ጽሑፎች አንዱ ግን ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. በአንድ የሐሩር አገር ሕክምና መጽሔት የወጣ ነው። የ1,084 ኢትዮጵያውያንን ጨጓራና ዱዶነም በቱቦው አይተው ያገኙትን ጻፉበት። እኔ የዚህን ቁጥር ክብደት በሌላ መንገድ ነው የማየው፦ 1,084 ሰው በተራ ተኝቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ብርሃኑን ዋጠ። ለዘመናት «ንዋየ ውስጥ» ተብሎ የታለፈው ክፍል ዝርዝሩ መጻፍ ጀመረ።

በዚያ ዘመን የእኛ ሐኪሞች ደጋግመው ያገኙት ነገር ቁስሉ ከጨጓራው ይልቅ ዱዶነም ላይ መብዛቱን ነው። ምክንያቱን ለማወቅ የጨጓራውን የታች በር አሠራር ማየት ይጠቅማል። ከፊት ጥርስ እስከ ጨጓራ አፍ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ስንዝር። ጨጓራው ብረት የሚያዝግ አሲድ ያመነጫል፤ ራሱን የሚያድነው ንፍጥ የመሰለ ሽፋን ለብሶ ነው። ከታች ያለውን በር ግሪኮች ፓይሎረስ ብለውታል፤ በረኛ ማለት ነው። ዘበኛው በሩን ጥቂት ጥቂት እየከፈተ አሲድ ያዘለውን ሊጥ ወደ አሥራ ሁለቱ ጣት ያሳልፋል፤ እዚያ ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ወርደው አሲዱን ያበርዱታል። አሲዱ ከልኩ ከበለጠ ግን መጀመሪያ የሚቃጠለው የደጁ መግቢያ ነው። ቁስሉ ድኖ፣ ተመልሶ ቆስሎ፣ ደግሞ ድኖ ሲጠብብ በሩ ይዘጋል፤ ሰውየው ትናንት የበላውን ዛሬ ያስመልሳል፣ ይመነምናል። የደጋው ገበሬ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ነበር። ቀዶ ሐኪሙም አሲድ የሚያዝዘውን ነርቭ ቆርጦ፣ ጨጓራውን ከአንጀቱ ጋር በአዲስ በር ያገናኝለታል።

ጥፋተኛው ማን ነው ሲባል ሁላችንም መልስ ነበረን፦ በርበሬ፣ ቡና በባዶ ሆድ፣ ጾም፣ ንዴት። ሐኪሞቹም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አይሉም ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ከጨጓራ ቁራጭ ላይ ያዩትን ጠምዛዛ ባክቴሪያ ለማብቀል ሞክረው አልሆን ብሏቸው ሳለ፣ በፋሲካ በዓል ምክንያት ሳህኖቹ ሳይነኩ ብዙ ቀን ቢቆዩ በቅሎ ተገኘ። በ1984 እ.ኤ.አ. ማርሻል ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ባክቴሪያው ስሙን ያገኘው ከዘበኛው ነው፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ። በራሱ ዙሪያ አሲዱን የሚያረክስ አሞኒያ እየሠራ ንፍጡ ሥር ይኖራል። በኢትዮጵያ ከተደረጉት ጥናቶች ሲደመር ከሰዉ ግማሽ ያህሉ ተሸካሚው ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ሳይታመም ይኖራል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሕር ዳር ላይ የሌላ ጉሮሮና የሌላ ሆድ ጥናት ይካሄድ ነበር። ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች ዓሣ አጥማጁ በአጠቃላይ ነጭ ዓሣ የሚለውን ዘር አፉንና ጉሮሮውን እየለኩ 15 ዝርያ አድርገው ለዩት። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ ጥቂቶቹን መዝግቦ ነበር። ነጭ ዓሣ አፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ከጉሮሮው ቀጥሎ ያለው ነገር ነው፤ አንጀት። ጨጓራ የሚባል ነገር የለውም። እንዲህ ሆኖም ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው፤ ጥርስ የሌለው አፍ ይዞ፣ አሲድ የሌለው ሆድ ይዞ። ነጭ ዓሣ አጥንቱ ደቃቅና ብዙ ነው፤ ሐይቁ ዳር ምሳ ሲበላ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት እንጀራ በትልቁ ጎርሶ ለማውረድ ያልታገለ የባሕር ዳር ሰው ካለ አላውቀውም። ያ ዘዴ አጥንቱን ይበልጥ ሊሰካው ይችላልና አልመክርም።

በ2000 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ማስተማር ጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በከተማው የግል ክሊኒኮችም ተበራከቱ። ኤች ፓይሎሪ የሚለው ቃል ከሐኪም ወረቀት ወጥቶ ገበያ ገባ፤ ዛሬ ሻይ ቤት ተቀምጦ «ፖዘቲቭ ነህ ወይስ ነጋቲቭ?» የሚባባል ሰው አይጠፋም። የደም ምርመራው ግን አሳሳች ነው፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ምልክቱ ደም ውስጥ ይቆያልና። መዳንን ለማረጋገጥ የሰገራው ምርመራ ይሻላል። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ከኦሜፕራዞል ጋር ተሰጥቶት በአምስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ያቋረጠ ሰው፣ የጠነከረውን ባክቴሪያ መርጦ ያስቀረ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ቋንቋው የራሱን ሥራ ሠራ። በሽታው ስሙን ከአካሉ ወሰደ። ባሕር ዳር ላይ ማለዳ የክሊኒክ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፤ «ምንዎን ነው እማማ?» ሲባሉ «ጨጓራ» ይላሉ፣ ሌላ ቃል አይጨመርም። «ጨጓራ አለብኝ» ማለት ታምሜያለሁ ማለት ነው። ሲናደዱብን «ጨጓራዬን አቃጠልከው» ይሉናል። ጤነኛ ጨጓራ በአማርኛ ስም የለውም፤ የሚጠራው ሲያም ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴን አስከትዬ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ጾም የለመዱ ሰው ናቸውና ስምንት ሰዓት ሳይበሉ መቆየቱ አልከበዳቸውም። ጉሮሯቸው ላይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተረጨላቸው፣ በግራ ጎናቸው ተኙ፣ ጥርሳቸው መሃል ቀለበት ተደረገላቸው። ሐኪሟ ቱቦውን ስታስገባ ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ምላስ፣ ቀጥሎ እንጥል ታየ። ቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር 40 ላይ ሲደርስ ሐመር የነበረው ግድግዳ በአንድ ጊዜ ወደ ቀይ ሮዝ ተለወጠ፤ የምግብ ቧንቧው አልቆ ጨጓራው ጀመረ። የበሬው ጨጓራ እንደ ፎጣ ሻካራ ነው፤ ይኼኛው ለስላሳ፣ እጥፍጥፍ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። ዘበኛው ክብ አፉን ከፈተ፣ ቱቦው አለፈ፣ አሥራ ሁለቱ ጣት ታየ፤ ሐሞት ቢጫ አድርጎታል። ቁስል የለም፤ ጠባሳ የለም። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ደጅ ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ ስልካቸው ጮኸ። ሚስታቸው ናቸው። ጉሮሯቸው ገና ስላልተፈታ ድምፃቸው ጎርነን ብሎ፣ ደስ ብሏቸው፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው ነገሯቸው።

«የለብህም አሉኝ! አይተው አይተው፣ ጨጓራ የለብህም አሉኝ!»